ጅብሪል በአካል ቀርቦ ይፈርም

ሰቃ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለልያ
የስጋት ጥንቃቄ ኃላፊ፣ አዲስ አበባ

እንደምን ከርመሻል? እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከግራ ጉልበቴ በስተቀር። እሱም በሽታ ሆኖ አይደለም፤ ጅማ ጊንጆ ካለው ቤቴ ሰቃ ድረስ በየቀኑ የምሳፈርበት ሚኒባስ ሰውን እንደ ጆንያ ስለሚደረድር ነው።

ማኅተም ያረፈበት የኀዘን መግለጫችሁ ደርሶኛል። አምሮበታል። «በውድ ተሳታፊያችን በወጣት ጅብሪል ድንገተኛ ሕልፈት ዋናው መሥሪያ ቤት ጥልቅ ኀዘን ተሰምቶታል» የሚለውን ሳነብ የእኔም ሆድ ባባ። ከሥሩ በእጅ ጽሑፍሽ «እኔም አልቅሼለታለሁ፤ ልያ» ብለሽ መጨመርሽ ደግሞ ከመመሪያ ያለፈ ደግነት ነው። ጌታ ይባርክሽ።

እንግዲህ «ሟቹ በተሳታፊዎች ዝርዝር ላይ የቱ ጋ ነው? ፈልጌ አጣሁት» ላልሽው፣ ልታገኚው አትችይም። ጅብሪል አልሞተም። ከዚያም በፊት አልተወለደም። ወጣቶቹን ከስደት ለማስቀረት የምናዘጋጀው ቴአትር ውስጥ ያለ ሰው ነው።

«ታዲያ ድንኳኑን ማን ተከለው?» ላልሽው ደግሞ ቁጭ ብለሽ ስሚኝ።

ዘይቡን ታስታውሻታለሽ። ለጉብኝት መጥተሽ «ትምህርት ለምን አቋረጥሽ?» ብትያት «እሱ ነው እኔን ያቋረጠኝ» ያለችሽ ልጅ ናት። ቴአትሩን የጻፈችው እሷ ናት። ጅብሪል የሚባል የሰቃ ልጅ በደላላ ተመርቶ ወደ ዓረብ አገር ሲሄድ በረሃ ላይ ይቀራል፤ መርዶው ለእናቱ ይመጣል። የዚያን ቀን የምንለማመደው መርዶውን ነበር። አዳራሻችን ያልተፈለፈለ ቡና፣ የጀንፈል መጋዘን የነበረ ነውና ቆርቆሮው ድምፅ አይዝም። ዘይቡ እናትየውን ሆና «ጅብሪሌ!» ብላ ስትጮህ ውጭ ቡና የሚገለብጡት ሴቶች ሰሙ። አንዷ ከቡና ማድረቂያው አልጋ ማዶ ተቀብላ ጮኸች። ሌላዋ ሻሿን አወለቀች። ልጆቼ ተመልካች አገኘን ብለው ድምፃቸውን ጨመሩ። ትዕይንቱን ሳንጨርስ የእድሩ ዳኛ ሐጂ ሙሐዲን ድንኳንና አግዳሚ በጋሪ አስጭነው ከች አሉ።

«ያ ሲላስ፣ እንዴት አልተነገረኝም?»

«ሐጂ፣ ይሄ እኮ ቴ—»

«ዝም በል አቦ። ያዘነ ሰው ብዙ አያወራም። ጀባዱ፣ በርታ!»

ለቅሶ ላይ ደግሞ «ማን ነው የሞተው?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ነውር ነው። የሚያውቅ ያለቅሳል፤ የማያውቅ የሚያለቅሰውን እያየ ያለቅሳል። አስከሬን የት አለ ያለም አልነበረም። በረሃና ባሕር ለወሰደው ልጅ ባዶ ድንኳን ውስጥ መቀመጥ እዚህ ከተለመደ ቆይቷል። እኔ «ቴአትር ነው» ልል ደጋግሜ ተነሣሁ፤ በተነሣሁ ቁጥር አንድ ሰው ትከሻዬን ይዞ ያስቀምጠኛል። በመጨረሻ እኔም አለቀስኩ። ደግሞም እውነተኛ ለቅሶ ነበር፤ የማን እንደሆነ እንጃ።

ወሬው ደግሞ ከእኔ ቀድሞ እናንተ ጋ ደረሰ። ስለዚህ ልጄ፣ መግለጫውን ሰርዙልኝና ሥራችንን እንቀጥል።

አክባሪሽ፣ የሰቃ ቅርንጫፍ አስተባባሪ
ሲላስ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ለምን በስልክ አትነግሪኝም? ደብዳቤ መላላክ ከቀረ እኮ ቆየ።


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሲላስ፣

ለጉልበትዎ ምሕረት ያውርድልዎ። «አልሞተም፤ አልተወለደምም» ያሉኝን አንብቤ ደስ ይበለኝ ወይስ ቅር ይበለኝ አላወቅሁም። አልቅሼለት ነበር እኮ፤ ከምሬ።

በስልክ የማንነጋገረው አንድ የሌላ ቅርንጫፍ አስተባባሪ ለእኛ የላከው የድምፅ መልእክት በስሕተት ለረጂዎቹ ስለደረሰ ነው። ሪፖርቱን በዘፈን ነበር የጀመረው። ከዚያ ወዲህ ስጋት ነክ ጉዳይ ሁሉ በደብዳቤ፣ በፊርማ ነው።

የኀዘን መግለጫውን መሰረዝ አይቻልም። መመሪያው ግልጽ ነው፤ በማኅተም የወጣ ደብዳቤ አይሻርም። ከዚህ የከፋው ደግሞ ቅጂው ለረጂዎቹ መሄዱ ነው። እነሱ «የተሳታፊ ሞት» የሚል ሲያዩ መጀመሪያ ገንዘብ ያግዳሉ፣ ቀጥሎ ያዝናሉ። አግደዋል። እገዳው እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልተነሣ የሰቃው አዳራሽ ለባለቤቱ ይመለሳል፤ ልጆቹም ይበተናሉ።

«እገዳው በምን ይነሣል?» ብለው መጠየቅዎ አይቀርምና መመሪያውን ቃል በቃል ልጥቀስልዎ፦ «ሞተ የተባለው ተሳታፊ በዋናው መሥሪያ ቤት በአካል ቀርቦ ሲፈርም።» ቢስቁ አይፈረድብዎትም። እኔም ስቄ ነበር፣ አለቃዬ እስኪያየኝ ድረስ።

ሌላ መንገድ ካለ እየፈለግሁ ነው። እስከዚያው እንዲህ ያለ ሰው በሰቃ እንዳልነበረ የሚገልጽ ማስረጃ ይላኩልኝ። ዘይቡን ሰላም ይበሉልኝ። አዳራሹ ቢዘጋ ምን ታደርጋለች? በዝርዝሩ ላይ ሌላ መተዳደሪያ አልተጻፈላትም።

ልያ


ሰቃ፣ ኅዳር 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልያ፣

እንደምን አለሽ? ከጠየቅሽኝ የሚከብደውን ላስቀድም። ዘይቡን ጠየቅኋት። «አዳራሹ ከተዘጋማ ሙኒር ጋ ነኝ» አለች። ሙኒር ልጃገረዶችን ወደ ዓረብ አገር የሚልክ የሰፈሩ ደላላ ነው፤ ቀን ቀን ሞባይል ይጠግናል። እሱም ሰምቷል መሰለኝ ሰሞኑን በአዳራሹ በር ሲያልፍ ቆርቆሮውን በጣቱ እያንኳኳ ነው፤ ጥንካሬውን እንደሚሞክር ሰው። እንግዲህ የእኔና የአንቺ ሥራ ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ ደግሞ እንዲህ ሆነ። ማስረጃ ወደሚሰጠው ቢሮ ሄጄ አንድ በጣም ጨዋ ወጣት አገኘሁ።

«ጋሼ፣ እኛ ያለ ሰው መኖሩን ነው የምናረጋግጠው። የሌለን ሰው አለመኖር ለማረጋገጥ መጀመሪያ ፋይል ሊከፈትለት ይገባል።»

«ለሌለ ሰው?»

«ፋይል ከሌለው ምን ውስጥ እንደሌለ በምን እናውቃለን?»

ከፈተለት። አሁን ጅብሪል ፋይል አለው። እግረ መንገዴን የራሴን ብጠይቅ ጠፍቷል አለኝ።

ከዚያ ሰዉን በየቤቱ ልጠይቅ ብዬ ተነሣሁ። ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ሻይ የምትሸጠው አፊፋ ገና ስሙን ስጠራ ከንፈሯን መጠጠች። «ያሳዝናል ወላሂ። ሻይ ሲጠጣ እኮ ስኳሩን አያማስልም ነበር። ‘ከሥር ሲገኝ ነው የሚጥመው’ ይለኝ ነበር።» ጋሪ ነጂው ደግሞ «ስቄ የማላውቀውን ያስቀኝ ነበር» አለኝ፤ በምን እንደሆነ ግን ትዝ አላለውም። ሐጂ ሙሐዲን ራሳቸው ጢማቸውን እየደባበሱ «ጫማውን በሲባጎ ያስር የነበረው ልጅ አይደል? ማሎ፣ እሱን ማን ይረሳል!» አሉ።

እዚህ ላይ ቀጥ አልኩ። ሲባጎው ቴአትሩ ውስጥ የለም፤ ቀድሞ ግን ነበር። ዘይቡ መጀመሪያ ስትጽፈው ጅብሪል ጫማውን በጆንያ መስፊያ ሲባጎ ያስር ነበር። ያንን አንድ ጥቅል ሲባጎ ለመግዛት ሦስት ፕሮፎርማ ስለተጠየቅን መስመሩን ሰረዝነው። ከእሷና ከእኔ በቀር ማንም አላነበበውም።

ጠራኋት። «እውነቱን ንገሪኝ። እንዲህ ያለ ልጅ ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ጋሼ። ከራሴ ነው ያወጣሁት።»

«ሲባጎውንስ?»

«እሱንም።» ቀጥላ ደግሞ «ሰዉ ሁሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቀው የቀረሁ መሰለኝ» አለች። እየሳቀች አልነበረም።

ሲላስ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሲላስ፣

«ከሰው ሁሉ ጋር አብደናል ወይስ እኔ ብቻዬን?» ብለው የሚጠይቁኝ ከሆነ፣ የጤና ጉዳይ የሰው ኃይል አስተዳደር ነው። ይሁንና ሲባጎውን ከመዝገብ ቤት አስፈልጌ አገኘሁት። ባለፈው ነሐሴ «ሲባጎ፣ አንድ ጥቅል» የሚል የግዢ ጥያቄ ከእርስዎ መጥቶ በእኔ ፊርማ ሳይፈቀድ ተመልሷል። ስለዚህ ያንን ሲባጎ ሊያይ የቻለ ሰው የለም። ይህን በስጋት ሰንጠረዡ ላይ በየትኛው ረድፍ እንደማስገባው ስላላወቅሁ ለጊዜው «ልዩ ልዩ» ውስጥ አስገብቼዋለሁ። ያን ቀን መብራት ሳላጠፋ ነው የተኛሁት።

አሁን ወደ መፍትሔው። ሞቱን ከምንጩ እናድርቀው። የቴአትሩን መጨረሻ ይቀይሩት፤ ጅብሪል ይመለስ። የሰቃ ሰው በዓይኑ አይቶ «አልሞተም» ብሎ ይፈርም፤ ያንን ቃለ ጉባኤ ለረጂዎቹ አቀርባለሁ። ሲመለስ ፀጉር ቤት ቢከፍት ይመረጣል፤ ረጂዎች ፀጉር ቤት ይወዳሉ። የቡና ለቀማው ልጆቹን ሳይበትንብዎ በገበያ ቀን ያሳዩት።

ዘይቡ እሺ ትበል ይሆን? እሷን ያስከፋት እንደሆነ ይቅርታዬን ያድርሱልኝ።

ልያ


ሰቃ፣ ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልያ፣

ስለ መዘግየቴ ይቅርታ። ብዕር ይዤ እቀመጥና እነሣ ነበር።

አዎ፣ አሳየነው። ዘይቡ መጀመሪያ «የሞተ ሰው እንዲመለስ አይጻፍም ጋሼ» ብላ እምቢ አለች። ለአዳራሹ ስል ለመንኳት፤ ጻፈችው። ፀጉር ቤቱን ግን አልጻፈችም። «እሱን እዚያው አዲስ አበባ ይክፈቱት» ብላለች፤ ይቅርታሽን በዚህ ለውጣዋለች።

ጅብሪልን የሚጫወተው አልዓዛር ነው። ከቸርቻችን መዘምራን መካከል ያመጣሁት ደንዳና ልጅ ነው፤ ከእግዚአብሔርና ከእናቱ በቀር የሚፈራው አልነበረም። ገበያተኛው መጋዘኑን ሞላው። አፊፋ በረድፎቹ መካከል ሻይ ታዞራለች። በመጨረሻው ትዕይንት ድሮ ጆንያ ይገባበት የነበረው ትልቁ በር ተከፈተና አልዓዛር ገባ።

አላጨበጨቡም። እልልም አላሉ። ሰዉ ሁሉ አንድ ላይ ብድግ አለ፤ ግን አልዓዛርን አላየም። ከአልዓዛር ትከሻ በላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ወደ በሩ ነበር የሚያየው። ሐጂ ሙሐዲን አግዳሚው ላይ ጠጋ አሉና ቦታውን በመዳፋቸው እየመቱ «ና፣ ተቀመጥ ልጄ። ቆየህ» አሉ። አልዓዛር መድረክ ላይ እንደቆመ ነው። አግዳሚው ላይ እኔ የማላየውን ሰው ሁለት ሦስት ሰዎች እያቀፉ ሳሙት። ሁሉም በሥርዓቱ፣ ያለ ግርግር።

ሰው ከተበተነ በኋላ አግዳሚዎቹን ስናነሣ በሐጂ ጎን አንድ የሻይ ብርጭቆ አገኘሁ። ተጠጥቷል። ስኳሩ ከሥር ሳይነካ ተኝቷል።

አልዓዛር መጣ፤ ላቡ ደርቆ። «ጋሼ፣ ከኋላዬ ማን ነበር የገባው?»

«ማንም።»

«ማንም ከሆነ ለምን ገፋኝ? ቀስ ብሎ፣ እንዳሳልፈው እንደሚፈልግ ሰው።» ወደ መዝሙሩ ተመልሷል። አልከለከልኩትም።

ቃለ ጉባኤውን አስፈርሜ ልኬልሻለሁ። ሐጂ ራሳቸው ናቸው ያስጻፉት፦ «ጅብሪል ሞቶ እንደነበር ለቅሶው ላይ ተገኝተን፣ መመለሱንም በዓይናችን አይተን እናረጋግጣለን።» የመጀመሪያውን ግማሽ አስወጣለሁ ብዬ ታገልኩ። «ሲላስ፣ እኔን ዋሽ ትለኛለህ?» አሉኝ።

ዘይቡ ደኅና ናት።

ሲላስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጤና ይስጥልኝ ጋሽ ሲላስ፣

«ረጂዎቹ ምን አሉ?» ብለው እየጠበቁ ይሆናል፤ ቃለ ጉባኤው ረጂዎቹ ጋ አልደረሰም። አለቃዬ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ከዚያ ተነሥቶ መስኮቱን ዘጋ። «ሞቶ የነበረ» የሚባል የተሳታፊ ዓይነት በመመሪያው የለም። የቀረን ያችው አንዲት አንቀጽ ናት። ጅብሪል በአካል ቀርቦ ይፈርም።

አዝናለሁ። ከልቤ ነው። ታኅሣሥም እየሄደ ነው።

አሁን እኔ ልጠይቅ። እርስዎ ስለ ጉልበትዎ እንኳ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። ስለ ብርጭቆ አንድ አንቀጽ ይጽፋሉ። ስለ ዘይቡ የጻፉልኝ «ደኅና ናት» ብቻ ነው። ስጋት ማንበብ እንጀራዬ ነው ጋሽ ሲላስ። ምን ደበቁኝ?

ልያ


ሰቃ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልያ፣

ይቅርታሽን እለምናለሁ። ያንን ስጽፍልሽ ዘይቡ ፓስፖርቷን ለሙኒር ሰጥታ ነበር። በደብዳቤ ከሰፈረ እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ። በዚህ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ነገር ምን እንደሚያደርግ እኔና አንቺ ከማንም በላይ እናውቃለን።

ሄደች። ተመለሰችም። የነገረችኝን እንዳለ ልጻፍልሽ።

ሙኒር ጅማ መናኸሪያ ወስዶ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ላይ፣ በመስኮት በኩል አስቀመጣት። እሱ ውኃ ሊገዛ ወረደ። አንድ ልጅ መጣና ከራሷ በላይ ቆመ።

«ቦታዬ ላይ ነሽ» አላት።

ቲኬቷን ልታሳየው ቦርሳዋን ስትከፍት ወደ ታች አየች። የግራ ጫማው በጆንያ ሲባጎ ታስሯል።

«እኔን አንቺ ጻፍሽኝና ሄድኩ» አላት። «አንቺን ማን ጻፈሽና ነው የምትሄጂው?»

እንዴት እንደወረደች አታውቅም። ሰቃ ስትደርስ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አገኘችኝ። «ፊቱ ምን ይመስላል?» አልኳት።

«ፊቱን እኮ አልጻፍኩትም ነበር ጋሼ» አለችኝ።

ደግሜ አልጠየቅኋትም። አንቺም አትጠይቂኝ።

ሙኒር ደግሞ በማግሥቱ ከአዲስ አበባ ተመልሶ ፓስፖርቷን በአጎቷ በር ሥር ጥሎ ሄደ። አድራሻ አላስቀረም። የሞባይል ሱቁ ተዘግቷል። ከመሄዱ በፊት ለሐጂ የነገራቸው ይህን ነው፤ ዘይቡ መንገዱን ሁሉ አጠገቡ ነበረች። ሻርፗን ተከናንባ፣ አንድም ቃል ሳትናገር። ወልቂጤ ላይ ምሳ ቢገዛላት አልነካችውም። ሻዩን ጠጣችው፤ ስኳሩን ግን አላማሰለችም። አዲስ አበባ ሲደርሱ «ውረጂ» ብሎ ሻርፑን ሳብ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሐጂ አልነገሩኝም፤ «አዑዙ ቢላህ» ብለው ተነሡ።

ልጁ የእሷን ቦታ ይዞ ለምን አዲስ አበባ እንደሄደ ግን አልገባኝም። እዚያ ምን ጉዳይ አለው?

ሲላስ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሲላስ፣

ለመጨረሻው ጥያቄዬ መልስዎ ሳይደርሰኝ ነው ይህን የምጽፈው።

ትናንት ረፋድ ላይ አንድ ወጣት ወደ ቢሮዬ ገባ። ጥበቃው ማንንም ሳይመዘግብ አያስገባም፤ እኔን እንኳ ይመዘግበኛል። በኋላ ብጠይቀው «የማውቀው ልጅ መሰለኝ» አለኝ። ወጣቱ ወንበር ብሰጠውም አልተቀመጠም።

«ፈርም ተብዬ ነው» አለ።

እገዳ ማንሻውን ቅጽ አወጣሁለት። «ስም» የሚለው ላይ ጅብሪል ብሎ ጻፈ። መታወቂያ ስጠይቀው ባዶ ኪሶቹን ገልብጦ አሳየኝ። መመሪያው እንደሚለው መታወቂያ የሌለው ሰው የሚያውቀው የድርጅቱ ሠራተኛ ካለ ይበቃል። ሠራተኛዋ እኔ ሆንኩ። አልቅሼለታለሁ ብዬ በእጅ ጽሑፌ አረጋግጬ የለ?

ፈረመ። ቆንጆ ፊርማ ነው።

እስከዚህ ድረስ፣ ቢያምኑኝም ባያምኑኝም፣ አልፈራሁም። ከእናንተ ልጆች አንዱን መክራችሁ የላካችሁት መስሎኝ በልቤ «ጋሽ ሲላስ ሞኝ አይደሉም» እያልኩ ነበር። የፈራሁት ሊወጣ ሲል ነው። ከጅማ ድረስ መጥቶ የትራንስፖርት አበል አልጠየቀም። የምሳም አልጠየቀም። እኔ በዚህ ሙያ ያየሁት ሕያው ሰው ሁሉ አበል ይጠይቃል፤ ሕያው መሆኑን የማውቀውም በዚያ ነው። ያኔ ወደ እግሩ አየሁ። የግራ ጫማውን በምን እንዳሰረ ልንገርዎ ወይስ ያውቁታል?

ምን ይመስል ነበር ብለው እንዳይጠይቁኝ። ሌሊቱን ሙሉ ላስታውስ ሞክሬ አልሆነልኝም።

እገዳው ተነሥቷል። አዳራሹ የእናንተ ነው። ለዘይቡ፣ የትም ብትሆን፣ ይንገሯት።

ልያ


ሰቃ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልያ፣

ደብዳቤዎቻችን መንገድ ላይ ተላለፉ። ያንቺን ሳነብ ጉልበቴን ረሳሁት።

«ዘይቡስ?» ትይኛለሽ፤ አሁን ይህን ስጽፍ ከፊቴ ተቀምጣ አዲስ ቴአትር እየጻፈች ነው። ሰዎቿን ከቅንድብ እስከ ጠባሳ አንድ በአንድ ትገልጻለች። «ፊት የሌለው ሰው ከእንግዲህ አልጽፍም» ብላ ምላለች። አጎቷ ፓስፖርቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። አዳራሹ ተከፍቷል፤ አልዓዛርም ተመልሷል፤ በትልቁ በር ግን አይገባም።

«ልጁ ከዚያ ወዲህ ታይቷል?» ብትይኝ ግን እንዴት አድርጌ እንደምጽፍልሽ አላውቅም።

የሐጂ ሙሐዲን ታላቅ እህት ታመው ቆይተው አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ ከኋላ፣ ከሰው ሁሉ ዝቅ ብሎ፣ አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር። አላለቀሰም፤ አግዳሚ ያቀብላል፣ ውኃ ያድላል። እግሩን አየሁ። ሐጂን በክርኔ ነካኋቸው።

«አይቼዋለሁ» አሉኝ ሳይዞሩ። «ብድሩን እየመለሰ ነው። እኛ ደርሰንለት የለ? ያለቀሰለትን ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ ግድ ነው። ደንቡ ነው።»

ከዚያ ወዲህ በየለቅሶው አለ። ሰዉ ለምዶታል። እንዲያውም የእድሩ ሰዎች «ከሁላችን ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው» ብለው ያመሰግኑታል። አንድ ጊዜማ እጅግ ቀደመ። ጋሪ ነጂው በጤናው ምሳውን እየበላ ሳለ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ። ሦስተኛው ቀን ላይ ድንኳን ተከልን።

እኔም ያን ዕለት ድንኳን ውስጥ አልቅሻለሁ። ስለዚህ አንድ ቀን ወደ ጊንጆ በባጃጅ ብቅ ይላል ማለት ነው። ጉልበቴን በደንብ እየያዝኩ ነው።

ሲላስ


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሽ ሲላስ፣

ስልክ ደውዬ ነበር፤ መመሪያው ይቅር ብዬ። ሰቃ ኔትወርክ የለም። ይህን በጅማ አውቶቡስ ሾፌር እጅ እልከዋለሁ።

ዛሬ ጠዋት ጥበቃው ደውሎ «ያ ልጅ በር ላይ ቆሟል፤ ላስገባው?» አለኝ።

«ምን ፈልጎ እንደሆነ ጠይቀው» አልኩት።

ጠየቀው። ስልኩን ሳይዘጋ ስለነበር መልሱን በጆሮዬ ሰማሁት። «ምንም። ትንሽ ቀድሜ ነው የመጣሁት» አለ።

ጤነኛ ነኝ። ገና ልጅ ነኝ። ትናንት ደብዳቤዎን አንብቤ ሐኪም ቤት ሄጄ ሁሉን ተመርምሬ ምንም አልተገኘብኝም። አሁን ከመስኮቴ ሆኜ አየዋለሁ፤ በሩ ላይ ነው፤ አይቸኩልም።

የኀዘን መግለጫውን፣ በተለይ ከሥሩ በእጄ የጨመርኩትን መስመር፣ መሰረዝ የሚቻልበት መንገድ ካለ በአስቸኳይ ያሳውቁኝ።

ልያ


ሰቃ፣ ጥር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ልያ፣

ሰላምታ ዛሬ አላበዛም፤ ይህን ጅማ አውቶቡሱ ጋ የሚያደርሰው ሾፌር ሞተር አስነሥቶ እየጠበቀኝ ነው።

አይሰረዝም። በማኅተም የወጣ ደብዳቤ እንደማይሻር አንቺው ጽፈሽልኛል፤ ሐጂንም ብጠይቃቸው የፈሰሰ እንባ አይታፈስም አሉኝ። ስለዚህ ልጁን በር ላይ አታቁሚው። አስገቢው፤ «ቆየህ» በይው። ሻይ እዘዢለትና ስኳሩን አንቺ አማስዪለት። ዘይቡ ለእኔ ሳትነግር ዛሬ ማለዳ ፊቱን ጽፋለታለች፤ ወረቀቱን አብሬ ልኬልሻለሁ። ፊት ለፊትሽ አስቀምጠሽ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢለት። ቅንድቡ ላይ ስትደርሺ አትዝለዪ።

አንብበሽ ስትጨርሺ የአበል ቅጽ ስጪው። ከጅማ አዲስ አበባ፣ ደርሶ መልስ፣ ምሳን ጨምሮ። እምቢ ቢል አስተምሪው፤ ታግሰሽ አስተምሪው፤ ሌላውን ሁሉ አስተምረሽ የለ? ሕያው ሰው በአበሉ ይታወቃል ብለሽኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ይጠይቅሽ፤ ከጠየቀ ሰው ሆነ። ሰው ከሆነ ደግሞ እንደ ማናችንም ለቅሶ ላይ ይዘገያል።

ሲላስ